የሁለቱ ሆስፒታሎች ንዝረት

ሰኞ፣ ጥር 12
ዛሬም ያው። በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ጣቢያዎች መካከል ርቀት ሲጨምር የፈጣኑ ንዝረት ዝምድና፣ አብሮ የመንቀጥቀጡ ልክ፣ መውደቅ ነበረበት... አልወደቀም። ስልሳ ኪሎ ሜትር ተራርቀው እንደ መንታ አብረው ይንቀጠቀጣሉ? ማን ያምናል?

አለቃዬ በበሩ ብቅ አሉ።
"ቁጥሯስ?"
"ገና ናት፣ ጋሼ።"
"ማዘጋጃ ቤቱ እኮ አንገቴን አንቆኛል!"

ማዘጋጃ ቤቱ በአንድ ቁጥር እንዲነገረው የሚፈልገው ይህን ነው። የወንዝ ዳሩ ሆስፒታል በመሬት መንቀጥቀጥ ቢጎዳ፣ የኮረብታው ተርፎ ቁስለኛ ይቀበላል ወይ? ሁለቱም ባለ አስር ፎቅ ናቸው። እህቴ የኮረብታው ነርስ ናት።

ሐሙስ፣ ጥር 15
ምንም። ራስ ምታት ብቻ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20
አገኘሁት። አፈርኩም። ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ሁሉም ጣቢያ ከወትሮው በላይ ይጮኻል። ያንን የጋራ ጩኸት ሳልቀንስ ዝምድና ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ሠርግ ቤት የጨፈረ ሁሉ የሙሽራው ዘመድ ነው እንደ ማለት!

ቀነስኩት። አጭር ቤት የሚያናውጠው ፈጣኑ ንዝረት በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ዝምድናው ጠፋ። ረጅም ፎቅ የሚያወዛውዘው ዘገምተኛው ግን... ሩቅ ድረስ አብሮ ይሄዳል። ከወንዙ እስከ ኮረብታው፣ ከዚያም አልፎ።

ሐሙስ፣ ጥር 22
"የሁለቱን ንዝረት ዝምድና ደምረሽ ለሁለት አካፍይና አንድ ቁጥር ስጪኝ" አሉ አለቃዬ።
"የሕፃንና የአዋቂ ጫማ አማካይ ለማን ይሆናል፣ ጋሼ?"
ሳቁ። ወዲያው ኮስተር አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ሥራ ታከብጃለሽ።"

አማካዩ 'አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይተርፋል' ይላል። ለባለ አስር ፎቅ ውሸት ነው።

ማታ እህቴ መጣች። "እኛ እኮ መጠባበቂያ ነን ተባልን!"
"ማን አለ?"
"አለቃሽ፣ ስብሰባ ላይ። የእህቴ ሥራ ነው ብዬ ኮራሁብሽ።"
እራቱን ትቼ ስሌቴን ዘረጋሁ። ገና ሳልጨርስ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ማዘጋጃ ቤት ዋልኩ። የፈጣኑንና የዘገምተኛውን ንዝረት መስመሮች በሥዕል ለየብቻ አሳየሁ። አለቃዬ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። የኮረብታው ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ እጃቸውን አወጡ።
"እኛ ስንጎዳ የወንዝ ዳሩም?"
"አብራችሁ የመጎዳታችሁ ዕድል ሰፊ ነው።"
"ታዲያ ቁስለኛው የት ይሂድ?"
ጥያቄያቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 14
እህቴ ደወለች። "ከመጠባበቂያነት አወረድሽን አሉ። ወይ አንቺ!"
"ተቀየምሽኝ?"
"ምን ጊዜ አለኝና? ከገበያው ጀርባ ያለውን ጤና ጣቢያ ስናጸዳ ዋልን። ፎቅ ስለሌለው ከእኛ ጋር አብሮ አይወዛወዝም ብለው መረጡት። ግን ሃያ አልጋ ነው የሚይዘው።"

ሃያ። ለከተማው ሁሉ? ስልኩን ዘግቼ ተናደድኩ። እስከ ትናንት ግን አንድም አስተማማኝ አልጋ አልነበረንም... አለመኖሩን አናውቅም ነበር እንጂ።