ጸጉሩ ሳያድግ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ ብደውል አታነሳም። በጸጉር ቤትህ በር ሳልፍም ቶንዶሱን እንደያዝክ ፊትህን ወደ መስታወቱ ታዞራለህ። አልፈርድብህም። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልህ። በስንቱ ሰው ብሎግ ላይ ስፈነጭ የኖርኩ ሰውዬ፣ አንድ አንባቢ ብቻ ላለው ጽሑፍ እስክሪብቶ ስይዝ ስንት ወረቀት ማበላሸቴ ይገርማል። እባክህ ሳትቀደው እስከ መጨረሻው አንብበው። ይቅር በለኝ ለማለት ብቻ አይደለም፤ የምለምንህ ነገር አለ።

የራሴ ብሎግ እንደሌለኝ ታውቃለህ። ቀን የኢንሹራንስ ቢሮ ተቀምጬ የተጋጩ መኪኖችን ፎቶ ሳገላብጥ እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ ለሰው ብሎግ የእንግዳ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ድስት ጥጄ ሳላውቅ ለአንዲት የምግብ ባለሙያ ስለ ድስት ጽፌያለሁ። ልጅ ሳልወልድ በእናቶች ብሎግ ላይ ሕፃን እንዴት እንደሚተኛ አስተምሬያለሁ። ይህን የነገርኩህ ዕለት በሳቅ ፈርሰህ የደንበኛህ ጆሮ ለትንሽ ነው የተረፈው። «አንተ እኮ በሰው ቤት አዛዥ ናዛዥ ነህ!» አልከኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እኔ የምወደው መሄዱን ነበር። እንግዳ ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይመሰገናል፣ ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ሳህኑን የሚያጥበው ባለቤቱ ነው። ጽሑፌ ከወጣ በኋላ የሚጎርፈውን አስተያየት፣ ስድቡንም ጥያቄውንም፣ ባለብሎጉ ይመልስ። እኔ ዞሬ አይቼ አላውቅም።

ያንተ ብሎግ ግን ሌላ ነበር። «ከወንበሩ ጀርባ» ብለህ የሰየምከው፣ ስለ አንድ ደንበኛህ አልፎ አልፎ ብቅ የምታደርጋት አጭር ጽሑፍ፣ ጸጉር እየቆረጥክ ቀስ ብለህ የምታወራልኝ ነው የሚመስለኝ። በቅናት ነበር የማነብህ፤ ይኸው ተናገርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ በእንግድነት አስጽፈኝ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደነዘነዝኩህ አንተ ታውቃለህ። መጨረሻ ላይ ሰለቸህ መሰለኝ፦

«ቅዳሜ ና። ጥግ ላይ ቁጭ በልና እይ፤ ከዚያ ጻፍ። ግን ሕግ አለኝ። ሰውየው ጸጉሩ አድጎ ተመልሶ ሳይመጣ ስለሱ አይጻፍም።»

«ለምን? ማንነቱ እንዳይታወቅ ነው?»

«እሱም አለ» አልክና ምላጭህን ማጽዳት ጀመርክ።

እሱም አለ ካልክ ሌላም ነበረ ማለት ነው። ምን እንደሆነ ያኔ ብጠይቅህ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ቅዳሜ እኚያ ጡረታ የወጡት ሾፌር መጡ። ክርኑ ላይ የተጣፈ ቀይ ሹራብ ለብሰው፣ እያፏጩ ነው የገቡት። «አጥቁርልኝ፤ እንደ ድሮው» አሉህ። ተራውን የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ ቀበል አድርጎ «አባባ፣ ማንን ሊያገቡ ነው?» ሲላቸው «ለባለቤቴ ነው እባክህ!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸውም ሳቁ። አንተ ግን አልሳቅክም፤ አሁን ነው ትዝ የሚለኝ። ቀለሙ ጆሯቸውን እንዳይነካ ጎንበስ ብለህ በጥጥ ስትጠርግላቸው ነበር። እኔ ደግሞ የጥጡን ነገር እንኳ ለጽሑፌ ማጣፈጫ እያሰብኩ ነበር።

የዚያኑ ዕለት «የሰባ ዓመቱ ሙሽራ» ብዬ ጻፍኩት። የይለፍ ቃሉን የሰጠኸኝ ረቂቁን እንዳስቀምጥልህ ነው፤ አንብበህ፣ ጊዜው ሲደርስ አንተው ልታወጣው። እኔ ግን መልሼ ባነበብኩት ቁጥር የበለጠ እየወደድኩት ሄድኩ። ቀይ ሹራቡን፣ የተጣፈውን ክርን፣ ፉጨቱን፣ የሾፌርነቱን ነገር፣ ምንም አላስቀረሁም። ለጠፍኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የራሴን አልነበረም።

በማግስቱ ብሎግህ አይቶት የማያውቀው አንባቢ ጎርፎ አደረ። ልትሸልመኝ ነው ብዬ እየሮጥኩ መጣሁ። ወለሉን ስትጠርግ ደረስኩብህ።

«ጸጉራቸው አደገ?» አልከኝ።

«አነበብከው? ሰው እኮ ተንጫጫ!»

«አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽፈሃል። ጸጉራቸው አደገ ወይ ነው ያልኩህ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጽሑፉን ወዲያው አነሳኸው፤ ነገር ግን ከስልክ ስልክ ዞሮ፣ መንደሩን ሁሉ አዳርሶ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ደንበኞችህም ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ አፋቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አንዱ «ይሄም ይጻፋል እንዴ?» ሲልህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በጨዋታ ይደምቅ የነበረው ቤት የመቀስ ድምፅ ብቻ ቀረው። አንተም መጻፍ ተውክ። እኔ፣ ደብቄ ምን ያደርግልኛል፣ በልቤ አኮረፍኩህ። ስማቸውን አልጠራሁ፣ አልሰደብኳቸው፣ ምን አጠፋሁ እያልኩ።

ባለፈው ሳምንት መድኃኒት ቤት አየኋቸው። መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ጸጉራቸው ሥሩ ነጭ፣ ጫፉ ብቻ ጥቁር ሆኗል። ሹራቡን አልለበሱትም። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ተጠጋሁና ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ስድቡን ስጠብቅ እንዲህ አሉ፦

«ስለኔ የነገረህ ጸጉር ቆራጩ ነው?»

«እሱማ ምንም አልነገረኝም። እንዲያውም ከልክሎኝ ነበር።»

«አልነገረህም?» አሉ፤ በረጅሙ ተነፈሱ። «እኔ እኮ ሸጠኝ ብዬ… በል ና፣ ይህን ያዝልኝ።» የመድኃኒቱን ፌስታል አስያዙኝና ወደ ቤታቸው ይዘውኝ ሄዱ።

የቀረውን ታሪክ መንገድ ላይ ነገሩኝ። አንተ የምታውቀውን። ባለቤታቸው እማማ መርሳት ከጀመሩ ቆይተዋል። የሚያስታውሱት ያንን ጥቁር ጸጉር የነበረውን ወጣት ሾፌር ነው። የአባባን ሽበት ሲያዩ ይፈራሉ፣ ከእጃቸው አልበላም ይላሉ። አባባ ጸጉራቸውን አጥቁረው ሲገቡ ግን «መጣህ?» ብለው ይቀበሏቸዋል። አንተ ይህን እያወቅክ ስታጠቁርላቸው ኖረሃል፤ ለእኔ ያልነገርከኝም ታሪኩ ያንተ ስላልሆነ ነው። ከጽሑፌ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሶች ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «ሙሽራው! ሙሽራው!» ይሏቸው ጀመር። እሳቸውም ቀለሙን ተዉት። «ወጣት ሆኜም እንዲህ አፍሬ አላውቅ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሕግህ ያኔ ገባኝ። ሰው መጀመሪያ ቀን የሚያወራው የሚያስቀውን ነው። ሌላውን ይዞት የሚመጣው ጸጉሩ አድጎ ሲመለስ ነው። እኔ ደግሞ ከሰው ቤት ቶሎ መውጣት እንጂ ሰው እስኪመለስ መጠበቅ አልፈጠረብኝም።

ቤት ስንደርስ እማማ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አንድ ፎጣ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። አባባ መድኃኒቱን በውሃ ይዘው ቀረብ ሲሉ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ሸሹ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ «እኚህ እንግዳ መቼ ነው የሚሄዱት?» አሉኝ። አባባ ሰምተዋል። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ማድቤት ገቡ። መድኃኒቱን እኔ ነኝ ያስዋጥኳቸው።

ማድቤት ተከትያቸው ገብቼ ወደ ጸጉር ቤቱ ይመለሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እዚያ ወንበር ላይ ሁለተኛ አልቀመጥም» አሉ። ወዲያው ግን «እሱ እዚህ ቢመጣ እንኳ… አይመጣም እንጂ። በሰላምታም ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ ተቀይሞኛል» አሉኝ። አየህ ወንድም ጋሼ፣ አንተ ዓይኔን ማየት አይፈልጉም ብለህ ሳይሆን አይቀርም የቀረኸው፤ እሳቸው ተቀይሞኛል ብለው ይጠብቃሉ። መሃላችሁ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ሳጥንህንና ቀለምህን ይዘህ ሂድ። የቤታቸውን አቅጣጫ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። እኔን ይቅር ማለት የለብህም፤ እዚያ ቤት ስትሄድ አልኖርም፣ ጸጉር ቤትህም ካልጠራኸኝ አልመጣም። ጽሑፍ ለሚጠብቁኝ ባለብሎጎች አልችልም ብያቸዋለሁ። ይህንንም ካንተ በቀር ማንም እንዲያነበው አልፈልግም።

ልወጣ ስነሳ እማማ እጅጌዬን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ባለቤቴን መንገድ ላይ አላየኸውም? ጥቁር ጸጉር ነው ያለው። ዛሬ ቆየብኝ።»

«አይቼዋለሁ እማማ፤ እየመጣ ነው» አልኳቸው።

እባክህ ወንድም ጋሼ፣ ውሸታም አታድርገኝ።

ያስቀየመህ ወንድምህ