ከቅሬው ደንብ የቀረው አንቀጽ

ላስ ቬጋስ፣ ዊትኒ
ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እታለም ሃዲያ፣

እማ ስልኳን ለምን ዘጋች ብለሽ አራት ቀን ሙሉ ሳትጠይቂ አልቀረሽም። ደህና ናት፣ አልሀምዱሊላህ። ያስዘጋኋት እኔ ነኝ። አሁን እኔ ጋ አይደለችም፤ የት እንዳለችም በወረቀት አልጽፍልሽም። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ አዲስ አበባ ለሚበረው ለሙአዊያ በእጁ የምሰጠው በስልክ ማውራት ስለፈራሁ ነው።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነበር። ወር አይሞላውም፣ እዚህ ያለን የወሎ ልጆች ቅሬ አቋቋምን፤ የአዲስ አበባ ሰው እድር የሚለውን። ሰው በሞተ ቁጥር መሯሯጥ ቀረ አልን። በፖለቲካል ሳይንስ የተመረቅሁ ነኝና "ደንቡን አንተ ጻፍ" ሲሉኝ ክንፍ አወጣሁ። መዝገቡንም እኔው አዘጋጀሁት፤ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ አድራሻው፣ ቢሞት የት እንደሚቀበር። ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ይረዳል ብዬ የፓስፖርትና የቪዛ ዓምድ ጨመርኩ። ሰው ለየትኛውም ቢሮ የማይናገረውን ለቅሬ ይናገራል፤ ከቀብሩ የሚደበቅ የለማ! እማም "ጻፈኝ እንጂ፣ ሜዳ ላይ ልወድቅ ነው?" አለችኝ። ቪዛዋ ጥር ላይ ማለፉን በገዛ እጄ ጻፍኩት።

ደንቡ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ነበረችኝ፤ "የቅሬው ዳኛ ያለ ጉባኤው ፈቃድ መዝገቡን ለማንም አይሰጥም" የምትል። ዳኛ፣ ማለትም የቅሬው መሪ፣ አድርገን የመረጥናቸው ጋሽ አብዱልሀሚድን ነው፤ የአባባ የልጅነት ጓደኛ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱት።

"አንተ ልጅ፣ ገና ሳልቀመጥ ሌባ አደረግኸኝ?" ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

"ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣውን ነው" አልኩ። ይህን አገር የመሠረቱት ሰዎችም በዚሁ እንደተከራከሩ አስረዳሁ። ግማሾቹ ለመንግሥት ያልሰጠነው ስልጣን የለውም፣ ክልከላ መጻፍ ምን ያደርጋል ሲሉ፣ ሌሎቹ ያልተጻፈ ገደብ ክፉ ቀን ሲመጣ አይገኝም ብለው ሰጉ።

"እኛ የምንቀብር እንጂ የምንገዛ አይደለን! ይልቅ ዲግሪህን ከፕላስቲኩ አውጥተህ ሥራ ፈልግበት" አለችኝ ሆቴል አብራኝ የምትሠራው ዘይነባ። እኔም አብሬ ሳቅሁና አንቀጹን ሰረዝኩት።

ሰኞ ከኢሚግሬሽን ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የአባሎቻችሁን መዝገብ በሃያ ቀን አስረክቡ ይላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ የለበትም። ጋሼ ግን መዝገቡን ሊያስረክቡ መሆኑን ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ መዝገቡን የመስጠት ስልጣን ማን ሰጠዎት?"

"የትኛው አንቀጽ ይከለክለኛል፣ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው። አልተቆጡም። ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "እምቢ ብል መጀመሪያ የሚመጡት የኔ በር ላይ ነው።"

ክፉ ሰው አይደሉም፣ እታለም። ፈርተዋል።

አንቀጹን ለማስመለስ ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ጉባኤ ጠርቻለሁ። ግማሹ አባል ካልተገኘ አይጸድቅም። ሃምሳ ሁለት ቤተሰብ ነን፤ እመጣለሁ ያሉኝ ዘጠኝ ናቸው። ሌላው ስልክ አያነሳም። ዛሬ ጠዋት አንዱ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ፤ ውስጥ የነበረው የቴሌቪዥን ድምፅ ጠፋ፣ የሕፃን ሳቅ ተቋረጠ፣ የከፈተልኝ ግን የለም። አንቀጹ የሚጠብቃቸው ሰዎች ለአንቀጹ እጅ ለማውጣት አይደፍሩም። ቢሆንም ገና ብዙ በር ይቀረኛል፤ ከሺፍት በፊትና በኋላ አዳርሳቸዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። መዝገቡ ያለው የኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ጋሼ ለጉባኤው እሑድ ይዘህ ና ብለውኛል። አሁን ባጠፋው የእማ ስም ይጠፋል፤ የሃምሳ ሁለቱ ቤት ኑዛዜም አብሮ። ነገ አንዱ ቢሞት የት ቅበሩኝ እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። ማንንም ሳልጠይቅ ብቻዬን ልወስንባቸው? ደንቡን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። እኔንም የሚከለክለኝ አንቀጽ የለም።

አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። ታላቄ ነሽና ፍረጂኝ። ስትደውዪ ስለ መዝገብ አታንሺ፤ አጥፋው ካልሽ "ይሁን"፣ አታጥፋው ካልሽ "ይቅር" ብቻ በይኝ። ግን ከእሑድ በፊት ደውዪ።

ታናሽ ወንድምሽ
ኢማድ