የእማየ አፕልና ሰንጢው

ታኅሣሥ 8

ገበያ ዋልኩ። ሰንጢ ገዛሁ፣ ከኢልሀም። ከሌላ ከማን እገዛለሁ? ከሪያድ በአንድ አውሮፕላን ነው የተመለስነው። እሷ መካነ ሰላም ላይ ሸቀጥ ዘረጋች፣ እኔ እማየ ቤት ገባሁ።

«ወላሂ ምርጥ ዕቃ ነው፣ ስሚው!» ብላ ከፈተችው። ቀጭ! አለ። ድምፁ ደስ አለኝ። እንደ ወንዶቹ የክንዴን ፀጉር ሞከርኩበት... ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ታኅሣሥ 9

የመንገድ ማስፋፊያው በጓሯችን ሊያልፍ ነው። የእማየ አፕል ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከጥምቀት በኋላ ይቆረጣል አሉ። እኔ አረብ አገር የሄድኩ ዓመት የተከለችው ነው። ስደውል ከራሷ ጤና ይልቅ የሱን አበባ ነበር የምትነግረኝ።

«ይሁን፣ እንጨት ነው» ትላለች። አፏ ነው እንዲህ የሚለው። ጠዋት ግንዱን በመዳፏ ስትዳብስ አየኋት። ዓይኗ ደክሟል፣ አሁን ሁሉን የምታየው በእጇ ነው።

የግብርና ባለሙያው በፍቃዱ መላ አለው። ፍሬው ቢዘራ ያው ዓይነት አይወጣም፤ ቀንበጡን ቆርጦ ሌላ ችግኝ ላይ ማዳቀል ነው። ችግኞቹን ከአቀስታ አመጣልኝ። ዛፉ ይሂድ፣ ዘሩን ግን አስቀረዋለሁ።

ታኅሣሥ 12

ግማሾቹን አዳቀልኩ። ቀንበጡንም ችግኙንም ሰያፍ መቁረጥ፣ ቁርጥ ለቁርጥ መግጠም፣ በፌስታል ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ሰንጢው ጫን ስለው ትንሽ ይነቃነቃል። አዲስ ስለሆነ ይሆናል።

ጥር 2

ጠቆሩ። ሁሉም።

በፍቃዱ «ውርጭ ሳይመታቸው አልቀረም» አለ። አመንኩት፣ አለቀስኩም። ኋላ ግን አንዱን ፈትቼ አየሁ። ቁርጡ መሃሉ ጎድጉዷል፣ የተነካካው ዳርና ዳሩ ብቻ ነው። ውርጭ እንዲህ ይቆርጣል?

ሰንጢውን ከፍቼ ስለቱን ወደ ጎን ገፋሁት። ሄደ፣ መለስኩት፣ መጣ። ስለቱን ከእጀታው ጋር የያዘው ችንካር ልል ነው። ስለቱስ ስል ነው፣ ማን ካደ? በድምፁ ገዛሁት! በሬ በእምቧታው ይገዛል?

ሌላ ሰንጢ አገኛለሁ። ጥምቀት ሳያልፍ።

ጥር 4

የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ይዤ ገበያ ሄድኩ። የኢልሀምን ሰንጢዎች አንድ በአንድ ከፈትኩ። ወደ ጎን እገፋለሁ። ቀንበጥ ሰያፍ ቆርጬ መልሼ እገጥምና ወደ ፀሐይ አነሳዋለሁ። በመገጣጠሚያው ብርሃን ካሳለፈ፣ አይሆንም።

ኢልሀም መጀመሪያ ሳቀች። «ሰንጢ ነው ባል የምትመርጪው?» ሰው ሲከበን ግን ተቆጣች። «ኧረ ዕቃዬን አታዋርጂብኝ!»

ሁሉም አሳለፉ። አንዱማ ጫን ብለው ጣቴ ላይ ታጠፈ። ደማሁ። አልሄድም አልኩ።

ደሙን ስታይ ቁጣዋ ጠፋ። «አብሽሪ፣ አብሽሪ...» እያለች ከቀሚሷ ኪስ ሰንጢ አውጥታ ለጣቴ ጨርቅ ቆረጠችልኝ። እጀታው የተቧጠጠ እንጨት ነው። ሲከፈት ድምፅ የለውም።

«ይኼስ?»

«ይኼ የራሴ ነው፣ የካርቶን ገመድ የምቆርጥበት። አይሸጥም።»

«እንዲህ ያለውን ለምን አታመጪም?»

«ቀጭ አይልማ! ማን ይገዛኛል?»

ተቀብያት ገፋሁት። ንቅንቅ አላለም። ቆረጥኩ፣ ገጠምኩ፣ ወደ ፀሐይ አነሳሁ... ምንም ብርሃን የለም። ደግሜ አየሁ። ምንም።

እሷም ነጥቃኝ አየች። ሰንጢውን አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ውሰጂው» አለች። «ስትጨርሺ ትመልሻለሽ። ከችግኙ አንዱ የኔ ነው።»

ከሷ ስገዛ እሷ ራሷ በምን እንደምትቆርጥ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። የገበያው ሰው ሁሉ አልጠየቀም።

ጥር 5

የቀሩትን አዳቀልኩ። እያንዳንዱን ቁርጥ ወደ ፀሐይ አይቼ። ጣቴ ያመኛል፣ ይመመኝ።

እማየ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ፌስታሉን ወዲህ በይው፣ እኔ ልያዝልሽ።»

«እንጨት ነው አላልሽም?»

«ብያለሁ። እሰሪ አሁን።»

ጥር 14

ተቆረጠ። እማየ ከቤት አልወጣችም። እኔ እስኪወድቅ ቆሜ አየሁ።

የካቲት 23

አረንጓዴ! የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር ብቅ ብላለች። ወዲያኛውም ላይ አለ። ጥቂቶቹ ሞተዋል... የቀሩት ግን ይዘዋል። ለእማየ አልነገርኳትም። ይጽኑ መጀመሪያ።

ሰኔ 6

የኢልሀምን ድርሻ አደረስኩ፣ ሰንጢዋንም መለስኩ። መደቧ ላይ የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ቁልል አለ። አንድ ገበሬ ሰንጢ ይዞ ቀጭ፣ ቀጭ ያደርጋል። «ድምፁን ይተዉት አባባ፣ ቆርጠው ወደ ፀሐይ ይዩት» ትለዋለች! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ከሰዓት በኋላ ፌስታሎቹን ፈታሁ። እማየን ከመንገዱ ወደ ተረፈው የጓሯችን ጥግ ወሰድኳት። ጣቷ ከቅጠሉ ወደ ታች ወረደ፣ መገጣጠሚያው ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው የቆረጥሽው?»

«እዚያ ጋ ነው። ጠባሳው ይታወቃል?»

በአንድ እጇ ከታች ያዘች፣ በሌላው ከላይ፣ እኔ ስለቱን እንደምገፋው ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ገፋችው።

አልተነቃነቀም።