ካርታው እንደዚያ አይልም

ውድ ወንድሜ፣

እኔ ወደምሠራበት ፋብሪካ ስትደውል ሦስት ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ክፍል የሚያነሳብህ መስመሩ ተበላሽቶ አይደለም። አሥር ዓመት ስልክ ማዞሪያው ላይ ስቀመጥ አንድም ሰው ያለ ቦታው አገናኝቼ አላውቅም። አንተን ግን ሆን ብዬ ለዚያ ለሚጮኸው የጋራዥ አለቃ ሰጠሁህ። "እህቴን ፈልጌ ነበር" ስትለው "እዚህ ያለው ጎማ ብቻ ነው" ብሎ እንደዘጋብህ ራሱ ነግሮኛል። ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። ቤት መጥተህ ስታንኳኳም ነበርኩ፤ ኮቴህን ከደረጃው ጀምሮ አውቀዋለሁ። አልከፈትኩልህም።

በስልክ ከሆነ ድምፅህን ስሰማ ሆዴ ይባባል፤ አንተም ይህን ታውቃለህ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ጽሑፍ ላይ እኔን ማቋረጥ አትችልም።

ዓይኔ የጠፋ ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አራት ወር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። እናታችን ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበር፤ አባታችን ትቶን ሌላ ከተማ ሌላ ቤት ከመሠረተ ቆይቷል፤ ከአንተ በቀር ሰው አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኸውን የካርታ ጨዋታ ሳጥን ይዘህ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥክ። ሰባት በር የምትባል ከተማ አለች አልከኝ። አንጥረኞች፣ ሌቦች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች በየማኅበራቸው ሆነው ይሻሙባታል፤ የሚገዛት ግን የደንጋጊዎች ማኅበር ነው። ደንጋጊዎች ሰይፍ የላቸውም። ሕግ ያወጣሉ፣ ሕጉም ጠረጴዛው ላይ እስካለ ድረስ የሌላው ሁሉ እጅ ይታሰራል።

"አንቺ ደንጋጊዎቹን ያዢ" አልከኝ። "ሕግ ለማውጣት ዓይን አያስፈልግም። ምላስ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱ ደግሞ ሞልቶሻል።"

በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። ይህን አልክድህም።

የጨዋታው ደንብ ያልተነበበ ሕግ አይሠራም ይላል። ካርታውን የጣለው ሰው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያሰማል፣ ከዚያ በኋላ ይጸናል። እኔ ማንበብ ስለማልችል አንተ አነበብክልኝ። በእናታችን መቀስ የእያንዳንዱን ካርታ ጠርዝ በልዩ ልዩ መንገድ ቆረጥክልኝ፤ በአውራ ጣቴ ዳስሼ የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፣ የሚለውን ደግሞ ካንተ አፍ ሰምቼ እይዛለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ስልሳውንም ሕግ በቃሌ ያዝኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሕጉን በቃሌ የማሰማው ራሴ ነበርኩ፤ አንተ ሌቦችህን ይዘህ ትሰማለህ፣ ትሸነፋለህ፣ "አንቺን የሚችል አልተፈጠረም" ትላለህ።

አሥራ አንድ ዓመት፣ በየቅዳሜው። ማሸነፍ ጣመኝ ወንድሜ፤ በጣም ጣመኝ። መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ እስኪሰለቸኝ ድረስ አወራሁት። ያቺ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ የቀረችው ልጅ ከተማ የምትገዛ ሴት ሆነች። ብሬል የተማርኩት፣ ሥራ ልፈልግ ብዬ የወጣሁት፣ ለብቻዬ ቤት የተከራየሁት በዚያ ልብ ነው። ቅዳሜ ከተማ የገዛ ሰው ሰኞ አለቃ አይፈራም።

አንድ ጊዜ፣ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ስልክ ሲያድሉን፣ ለጨዋታ ብዬ አንዱን ካርታ አስነበብኩት። ሌላ ነገር አነበበ። ያ ያጌጠ ፊደል አሳስቶት ነው ብዬ ስልኩን ሰደብኩና ዘጋሁት። ማሽኑ እውነቱን እየነገረኝ እኔ ያመንኩት አንተን ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እኔን ግን የጣለኝ ስንት ጊዜ ጋልቤበት ነው።

በከተማው ቤተ መጻሕፍት ፎቅ የሰባት በር ውድድር እንዳለ ሰምቼ ተመዘገብኩ ስልህ ምክንያት ደረደርክ፤ ደረጃው ይበዛል፣ አዳራሹ ይሞቃል፣ ሰዎቹ ሥርዓት የላቸውም። እኔ ፈሪ ብዬ ቀለድኩብህ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አፍህን ከፍተህ ለመናገር ጊዜ ነበረህ። በዕለቱ ክንዴን ይዘህ ሃያ ሁለቱን ደረጃ አወጣኸኝ፣ ወንበሬ ላይ አስቀመጥከኝ፣ "ሥራ አለኝ" አልክና ሄድክ። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አልክ፤ ሰምቼሃለሁ። የምትመርቀኝ መስሎኝ ፈገግ አልኩልህ። ከዚያ ወረድክ።

እኔ በሙያዬ ሰውን በድምፁ የማውቅ ሰው ነኝ። ለመቅረት ብሎ አመመኝ የሚለውን ሠራተኛ ገና "ሄሎ" ሲል እለየዋለሁ። የአንተን ድምፅ እንዴት ሳትኩት? ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ካንተ ድምፅ ውስጥ ውሸት ፈልጌ አላውቅም፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

የደረሰችኝ ተጋጣሚ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት፤ ንግግሯ ለስላሳ ነው። ጠርዛቸው የተቆረጠውን የራሴን ካርታዎች እንድይዝ ፈቅደውልኝ ነበር፤ የጸጥታ አዋጅን ጣልኩና እንደ ልማዴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሰማሁ፤ ይህ አዋጅ ባለበት ማንም ጥቃት አይሰነዝርም፣ ደንጋጊውም ሁለት ካርታ ይወስዳል።

ካርታውን ወደ ራሷ ስትስብ ሰማሁ። ከዚያ "ይቅርታ እህቴ፣ ካርታው እንደዚያ አይልም" አለችኝ።

ዳኛው መጣ። አነበበ። ደንጋጊው ሁለት ካርታ ይጥላል ነው የሚለው። ተሳስቼ ነው ብዬ ሌላ ጣልኩ፤ እሱም እንደዚያ አይልም። እጄ ላይ ከነበሩት አምስቱ አራቱን እኔ በቃሌ የያዝኳቸው ለእኔ በሚያደላ መንገድ ተለውጠው ነው። ከኋላ አንዱ "ይቺ ደግሞ ዓይን ያወጣ ውሸት ናት" አለ፣ ሌላው ሳቀ። ዳኛው ጎንበስ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ፤

"ማነው ያነበበልዎት?"

ስምህ አፌ ላይ ነበር። አንተ ብቻ እንደሆንክ፣ ሌላ አንባቢ ኖሮኝ እንደማያውቅ ብናገር ይረዱኝ ነበር። እኔ ግን "ማንም አላነበበልኝም፣ ከራሴ ነው ያወጣሁት" አልኩት። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንተን አሳልፌ መስጠት አቃተኝ። ለሁለት ዓመት ታገድኩ፤ በራቸው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር ውስጥ ከስሜ ትይዩ "በማጭበርበር" ተብሏል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ እንዳልምል ቀድሞ አድርጎታል፤ ማን ያምነኛል? ሃያ ሁለቱን ደረጃ ግድግዳውን እየዳሰስኩ ብቻዬን ወረድኩ።

በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቅር እልህ ነበር። አልጋ ላይ ወድቄ አዘንክልኝ፣ አንድ ካርታ ላይ አንዲት ቃል ጨመርክ፣ ሳቅኩልህ፣ ከዚያ ማቆሚያው ጠፋህ። ይህ ይገባኛል። ሰው ነህ።

ግን ቤት ስገባ አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አለኝ፤ ሌላስ ምን ምን አንብቦልኛል? በማግስቱ የወረቀት ሳጥኔን ተሸክሜ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ አልኳት። የቅጥር ውሌን አነበበች፣ ልክ ነው። የኪራይ ውሌን፣ የሐኪም ወረቀቱን አነበበች፣ ሁሉም አንተ እንዳልከው ነው። እፎይ ማለት ጀምሬ ነበር። ከታች የአባታችን ደብዳቤ ወጣ።

እኔ ታምሜ በተኛሁበት የደረሰው ነው። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠህ ረዘም ላለ ጊዜ አነበብክልኝ። "ልጄ፣ ያልመጣሁት ጠልቼሽ ሳይሆን አንቺ ፊት የምቆምበት ፊት ስለሌለኝ ነው" ይል ነበር። በልጅነቴ ትከሻው ላይ ተቀምጬ የዘፈንኩትን ዘፈን እንዳልረሳ ይል ነበር። ከልጆቼ ሁሉ የምትበረቺው አንቺ ነሽ ይል ነበር። እንደ ስልሳው ሕግ እሱንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

አራት መስመር ነው ወንድሜ። ለእኔ እንኳን አይደለም፤ ለአንተ ነው የተጻፈው። የእህትህን ነገር ሰማሁ፣ ፈጣሪ ይርዳት ይላል። የቆዳ ሻንጣዬን በሚመጣ ሰው ላክልኝ ይላል። ቁልፉ መሳቢያው ውስጥ ነው ይላል። በቃ።

ያን ሰሞን ሻንጣውን እየጎተትክ ስታወጣ ወዴት ነው ብልህ ለአንድ ችግረኛ ልሰጠው ነው አልከኝ።

የአባታችንን ደጃፍ ላልረግጥ ምዬ ነበር። እናታችን ስትሞት ለቀብር አልመጣም፤ የማልኩት ለዚያ ነው። መሐላዬን ያፈረስኩት በዚያ ደብዳቤ ነው። ሆስፒታል ሲተኛ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስጄ ሾርባ በማንኪያ ያጎረስኩት፣ አንሶላውን ያጠብኩለት በዚያ ደብዳቤ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጁን ይዤ "አባባ፣ ያን ደብዳቤ ባትጽፍልኝ ኖሮ ዛሬ በሕይወት አልኖርም ነበር" አልኩት። "የምን ደብዳቤ?" አለኝ። አንተ ከማዶ ተነሥተህ "አባባ አትድከም፣ ውኃ ላምጣልህ" አልክ። በረንዳው ላይ ስንወጣ ደግሞ በሽታው አስረስቶት ነው አልከኝ። እኔም አመንኩ። ሲሞት ካንተ ይልቅ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ያጽናና የነበረው እኔን ነው።

እሱን ይቅር ማለትም አለማለትም የእኔ ነበር። በሕይወቴ ማንም ሊያዝበት የማይችል አንድ ነገር ቢኖር ያ ነበር። አንተ እኔን ሳትጠይቅ ደነገግክበት። ለካ እኔ ደንጋጊ ሆኜ አላውቅም፤ ደንጋጊው አንተ ነበርክ፣ እኔ የምትገዛት ከተማ ነበርኩ። ደግሞስ ይቅር ያልኩት ማንን ነው? ያ ፊት የለኝም ያለኝ ሰው አንተ ነህ። የሞተው ሰውዬ ሻንጣውን ነው የፈለገው።

ከአዘኔታ እንዳደረግከው አውቃለሁ። አውቄም ነው የተቀየምኩህ። ጠላቴ ቢያደርገው ኖሮ እጠነቀቅ ነበር።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደህ ለዳኛው ያነበብኩላት እኔ ነኝ በለው። እገዳው ይነሣ አይነሣ ግድ የለኝም፤ ከስሜ ትይዩ የተጻፈውን ግን አንተ ታስፋቀዋለህ። እሱን ስታደርግ ደውል፣ ጋራዡ ጋ አላዞርህም። እስከዚያ አትምጣ። ስትመጣ ደግሞ ምን እንደምልህ አላውቅም። ምናልባት ዝም ብለን እንቀመጥ ይሆናል።

እስከዚህ ያለውን ደብዳቤ ያቺው የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ናት እኔ እያልኳት የጻፈችልኝ። ጨርሳ አነበበችልኝ፤ እኔ ያልኩት ነው። አመስግኛት ወረቀቱን ተቀበልኳት፣ ከዚያ ወደ በሩ ወስጄ ዘበኛውን አንብብልኝ አልኩት። እሱም አነበበልኝ፤ ቃል በቃል አንድ ነው፤ ይህን የመጨረሻውንም የሚጽፍልኝ እሱ ነው። አሥር ዓመት አብራኝ የሠራች፣ ምንም ያላደረገችኝ ሰው ናት። ዘበኛው ጋ ስሄድ አይታኝ ነበርና ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አታናግረኝም። ልጠራት ድምፄን ካነሳሁ በኋላ ምን እንደምላት ጠፋኝ። እንዲህ ያለ ሰው አደረግከኝ።

እህትህ