አራት ሜትር ከስምንት

ውድ እትዬ፣

በስም አያውቁኝም። ከልብስ ስፌት ሱቅዎ ፊት ለፊት ባለው የባቡር ድልድይ ስር በቀን ስንት የጭነት መኪና ያልፍ ነበር፤ ስንቱን ሹፌር ያስታውሱ! ግን ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቀይ ጨርቅ እያውለበለቡ መንገድ መሐል ሲቆሙበት ፍሬን ይዞ የወረደውን፣ ወርዶም አፉ ላይ የመጣለትን ሁሉ የተናገረዎትን ሰው የሚረሱት አይመስለኝም። እኔ ነኝ። ዓይንዎ እንደ ደከመና ደብዳቤውን ልጅዎ እንደምታነብልዎ ሰምቻለሁ። እባክዎ ስድቡን ሳትዘል ታንብበው፤ የሠራሁትን ሳልናገር ወደ ምስጋናው መዝለል አልፈልግም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሲሚንቶ ጭኜ በዚያው ድልድይ ስር አልፌ ነበር። ምልክቱ አራት ሜትር ከሃያ ይላል። የኔ መኪና ደግሞ ከመሬት እስከ ሸራው መወጠሪያ ብረት አናት አራት ሜትር ከአሥራ አራት ነው። ስድስት ሳንቲም ትርፍ አለኝ ብዬ ዘና ብዬ ነው የነዳሁት። አሥር ዓመት መሪ ይዣለሁ፤ ድልድይ የሚያስፈራው ጀማሪን ነው እል ነበር ያኔ።

ስንመለስ የስፖንጅ ፍራሽ ጫንን። «ስንመለስ» ያልኩት ታላቅ ወንድሜ አብሮኝ ስለነበር ነው። ጫኝና አውራጅ ነው፤ ሌላው ለሁለት የሚያነሳውን ብቻውን ስለሚያነሳ ጓደኞቹ ክሬኑ ይሉታል። ፍራሹ እስከ ላይ ተደርድሮ ከሸራው ብረት ስር ሰው የሚጋደምበት ክፍተት ብቻ ቀረ። ወንድሜ ያንን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚተኛበትን እኔ ደመወዝ እየተከፈለኝ ልተኛበት» አለና ወጣ። ጫማውን አውልቆ በጀርባው ሲንጋለል ግንባሩና ብረቱ መሐል አንድ ስንዝር እንኳ አልነበረም። ስቄ ሸራውን አሰርኩበት።

ከዚያ እርስዎ መጡ።

«አንቺ ሴትዮ! መሞት ካማረሽ ሌላ መኪና ጠፋ?» አልኩዎት። የእናቴን እኩያ አንቺ ማለቴ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለዋል።

«አታልፍም ልጄ» አሉኝ። ደረትዎ ላይ መርፌ በመርፌ ሆኖ፣ አንገትዎ ላይ ክር ተጠምጥሞ ነበር።

«ጠዋት እኮ አልፌያለሁ! በዚሁ መኪና!»

«አይቼሃለሁ። ጠዋት ሲሚንቶው ተጭኖህ ነበር። አሁን ቀሎሃል፤ መኪናህ ቀና ብሏል። እዚህ የሚመታው ሁሌ ባዶው ነው።»

«ምልክቱ አራት ከሃያ ይላል! ማንበብ ትችያለሽ?»

«ምልክቱ የተሰቀለው አስፋልቱ ሳይደረብ ነው» አሉኝ፤ ድምፅዎን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «መንገዱ ከፍ ሲል ድልድዩ አብሮ አልተነሳ።»

ከሱቅዎ ያን ጉደኛ መለኪያ አመጡት። የመጋረጃ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ሦስት የልብስ ሜትር እርስ በርስ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። ከኋላዬ የቆሙት መኪኖች ክላክሱን ያቀልጡታል። እውነቱን ልንገርዎ፣ የለካሁት አምኜዎት አይደለም፤ ሰው ፊት ላሳፍርዎ ብዬ ነው። ለካሁ። አራት ሜትር ከስምንት። ደገምኩት፤ ያው ነው። መኪናዬን ለካሁ፤ አራት ከአሥራ አራት። ትርፍ ያልኩት ስድስት ሳንቲም ጉድለት ነበር። ሲሚንቶው ባሌስትራውን ተጭኖ መኪናውን ዝቅ ባያደርገው ኖሮ ጠዋትም አላልፍም ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀና ብዬ የፊተኛውን ብረት አየሁት። ብረቱ ተገንጥሎ የሚገባው ወንድሜ ግንባር ላይ ነበር።

እና ምን አደረግኩ? ዘንጉን መለስኩልዎት። «እሺ» አልኩ። ጋቢና ገብቼ የኋላ ማርሽ አስገባሁ። ያን ሁሉ ስድብ የጠጡት ሴት መኪናውንም እግረኛውንም እያስቆሙ መንገድ ሲያስለቅቁልኝ በስፖኪዮ አይዎት ነበር። «እሺ» ብቻ፣ እትዬ። የወንድም ነፍስ ተሰጥቶት «እሺ» ብሎ የሄደ ሰው እኔ ነኝ።

የባሰው ገና ነው። መጋዘን ስንደርስ ወንድሜ ዓይኑን እያሸ ወረደና «ለምንድነው ዞረን የመጣነው?» አለኝ። «ድልድዩ አላማረኝም፤ ወርጄ ስለካው አያሳልፍም» አልኩት። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቤታችን ገብታ ሥር ሰደደች። እናቴ ሰምታ ግንባሬን ሳመች። ወንድሜ በሠርጉ ቀን ተነስቶ «የዚህ ልጅ ዓይን ሜትር ነው፤ ለዚህ ቀን ያደረሰኝ እሱ ነው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። እንግዳው ሁሉ የሚሳሳቀው ደግሞ በሙሽራው ሱሪ ነበር፤ አዲስ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ቀርቶ። ከዚያ ወዲህም ሱሪው ሁሉ እያጠረ ሄደ። «ወንዝ ልትሻገር ነው ወይ?» እንለዋለን። ሚስቱ ሳሙናውን ትወቅሳለች።

በእርስዎ በር ባለፍኩ ቁጥር ነገ ወርጄ አመሰግናቸዋለሁ እላለሁ። ነገ ሲደርስ ክላክስ ብቻ አድርጌ አልፋለሁ። እርስዎም ከስፌት መኪናዎ ቀና ብለው፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ እጅዎን ያነሳሉ። በድልድዩ እግር ላይ በኖራ የጻፉትን፣ «4.08፣ ባዶ መኪና ተጠንቀቅ» የሚለውን፣ ዝናብ ባጠበው ቁጥር መልሰው ሲያደምቁት አይ ነበር። የማውቃቸው ሹፌሮች ሁሉ የሚያምኑት ያንን እንጂ ከላይ የተሰቀለውን አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ሳልፍ ሱቅዎ ዝግ ነው። ወርጄ ጎረቤትዎን ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅሁት። «መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው ልጃቸው ጋ ሄዱ» አለኝ። «መንገድ ሠሪዎቹ እኮ በስንት ጊዜያቸው መጥተው ድልድዩን በመሣሪያ ለኩት። ስንት አገኙ መሰለህ? የእትዬን!» ቀና ስል እውነትም ምልክቱ አዲስ ነው፤ 4.00 ይላል። ስምንቷን ለጥንቃቄ ትተዋት ነው አለኝ። የልጅዎን አድራሻ ከእሱ ወሰድኩ።

ግን ወንድሜን እየዋሸሁ ለእርስዎ እውነቱን ብጽፍ ምን ዋጋ አለው? እሑድ ቤቱ ሄጄ አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ያኔ ፍሬን ስትይዝ ነቅቻለሁ» አለኝ። «በሸራው ቀዳዳ ሁሉንም አይቻለሁ። ማንበብ ትችያለሽ ስትላቸው ወርጄ ላንቅህ ምንም አልቀረኝ።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይንህ ሜትር ነው የምትለኝ?»

«አንድ ቀን አፍሮ ይናገራል ብዬ ነዋ! አንተ ደግሞ የማታፍር ሆንክ!»

ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ሱሪዎቹን አልጋው ላይ ዘረገፋቸው። አሥራ ሦስት ናቸው፤ አንድም ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የለም።

«ባዶ እጄን ገብቼ ምን ልበላቸው?» አለኝ። «ሥራ ይዤላቸው ልሂድ ብዬ፣ አንድ ጣት ያህል ያሳጥሩልኝ እላቸዋለሁ። ኧረ ልጄ፣ ይሄ እንኳን ሊያጥር ይሉኛል። ግድየለም ብዬ፣ ሰፍተው እስኪጨርሱ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ማን እንደሆንኩ ልነግራቸው አፌ ላይ ይመጣና እተወዋለሁ። እኔ ከነገርኳቸው አንተን ማሳጣት ነው። መጀመሪያ አንተ ተናገር ብዬ ስጠብቅ ሱሪ አለቀብኝ።»

የኔ ዝምታ የእሱንም አፍ ይዞ ኖሯል ለካ።

እንግዲህ እትዬ፣ ያ ግዙፍ ደንበኛዎ፣ ያ ያለነገሩ ሱሪ የሚያሳጥረው ሰውዬ፣ ያን ቀን ከብረቱ ስር ተኝቶ የነበረው እሱ ነው። አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው። ለእርሱ፣ ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ዕድሜ ልኳን ከማልቀስ ለዳነችው እናቴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የገዛ ወንድሜን ገዳይ ሆኜ ከመኖር ለዳንኩት ለእኔ፣ አመሰግናለሁ። ያን ቀን አስፋልቱ ላይ ቆሜ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነበር። ስላዘገየሁት ይቅር ይበሉኝ።

ፈቃድዎ ከሆነ በመጪው እሑድ ሁለታችን መጥተን ፊት ለፊት ቆመን እንለዋለን። ደብዳቤውን ለወንድሜ አንብቤለታለሁ፤ ከታች ያለው ትልልቁ ጽሕፈት የእሱ ነው።

አክባሪዎ፣
ያ ባለጌው ሹፌር

እትዬ፣ እሑድ እመጣለሁ። አሁንስ ሱሪ አልይዝም።