ከእንጉዳዩ ጎን ስለተሰቀለችው ተክል

ለተከበሩ ኮማንደር ራዲም ሆሌቼክ፣ የወረዳችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፤

የከበረ ሰላምታዬን እያስቀደምኩ ለመላ አካልዎ፣ ይልቁንም ለቀኝ ጉልበትዎ፣ ጤናን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በማዘጋጃ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ጣቢያዎ ድረስ መጥቼ ሥራ እንዳላስፈታዎት አስቤ ነው። ደግሞም የመንደራችን የዶልኒ ኮሹቲ ሰው አርብ ተሰብስቦ አቶ ቦሁሚር ቫትሱልካን ከበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አለቃነት ከማውረዱ በፊት እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

አንደኛ፣ ለአፍንጫዎ ምስጋናዬ ይድረሰው። በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን በዓል ዕለት፣ በየቤቱ ዝይ ሲጠበስና ጎመን ሲቀቀል፣ ከዚያ ሁሉ መዓዛ መካከል የአንዲት የካናቢስ ተክል ሽታ ለይቶ ማውጣት ለሠለጠነ ውሻም ይከብዳል። ተክሏን ያጨደው ሰው ያንን ቀን የመረጠው ጥብሱ ሽታዋን ይሸፍንልኛል ብሎ እንደነበር በእርግጠኝነት አውቃለሁ። ባለፈው የጸደይ ወቅት የተሰረቀብንን የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ ያው አፍንጫ እስካሁን አለማግኘቱ፣ ፓምፕ ስለማይሸት መሆን አለበት ብዬ እጽናናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨዋነትዎ። የአቶ ቦሁሚርን ዝይ በልተው፣ ጎመን አስደግመው፣ አፍዎን በሥርዓት ጠርገው ከጨረሱ በኋላ ነበር ወደ ቆጡ የወጡት። በክር ተሰክቶ ከሚደርቀው እንጉዳይ ጎን ተዘቅዝቃ የተሰቀለችውን፣ በሪፖርትዎ «እፀ ፋርስ» ያሏትን ተክል ይዘው ሲወርዱ እንጉዳዩንም ለምርመራ ብለው ወሰዱት። የምርመራው ውጤት ባይደርሰንም፣ እሑድ ዕለት ባለቤትዎ የሠሩት የእንጉዳይ ሾርባ ግሩም እንደነበር ሰምተናል።

ያን ጊዜ የማን ናት ብለው ጠየቁ። አቶ ቦሁሚር ምድጃው አጠገብ የቆመውን ሰው አንድ ጊዜ አዩና «የእኔ ናት፤ ለጉልበቴ ነው» አሉ። እኚህ ሰው እሳት በተነሳ ቁጥር መሰላል ላይ ቀድመው የሚወጡ ሰው ናቸው፤ ጉልበታቸው ምንም የለውም። እርስዎ ግን አመኗቸው፤ የራስ ቁራቸውንና የእሳት አደጋ ቤቱን ቁልፍም ተረከቡ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። ምድጃው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ተክሏን ከቲማቲሙ ጀርባ የዘራኋት፣ ውሃ ያጠጣኋት፣ ያጨድኳት እኔ ነኝ። በየመኸሩ ቅጠሏን በአሳማ ሞራ አፍልቼ ቅባት እሠራለሁ፤ የመንደሩ ግማሽ መገጣጠሚያውን በእሱ ይታሻል። ዘንድሮ ቤቴ በበዓል እንግዳ ስለተሞላ አቶ ቦሁሚርን ቆጣቸው ላይ እንዳደርቃት ለመንኳቸው፤ እሳቸውም መሰላሉን ያዙልኝ። «የእኔ ናት» ሲሉ ሙጫዋ ገና ከጣቶቼ አልለቀቀም ነበር። እጄን ወደ ኋላ ደበቅኩ። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ያለኝን የወጥ ሠሪነት ሥራ ነበር የማስበው፤ ስለ እሳቸው አላሰብኩም።

በማግስቱ ኬክ ጋግሬ ወሰድኩላቸው፤ በኬክ የሚታለፍ ነገር መስሎኝ። «ያርሚላ ልጄ፣ አንቺ ገና ሥራ አለሽ፤ እኔ ጡረተኛው ምን ይቀርብኛል?» አሉኝ። የራስ ቁሩ የሚንጠለጠልበት ሚስማር በራቸው አጠገብ ባዶውን ነበር። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ማለፍ ስላፈርኩ ወደ ሥራ የምሄደው በወንዙ በኩል ዞሬ ነው።

ስለዚህ የራስ ቁሩንና ቁልፉን ለአቶ ቦሁሚር መልሰው እኔን ይውሰዱኝ። የቤት ጫማዬን ጠቅልዬ እየጠበቅኩዎት ነው።

ምሳ ሳይጨርሱ ሕግ የማያስከብሩትን ንቁ አዛዣችንን ከልብ እያደነቅኩ፣ እውነትን ዘግይታ የተናገረችው ትሑት አገልጋይዎ፣
ያርሚላ ኮላሮቫ

ማሳሰቢያ፦ አምና ለገና የሰጠሁዎት፣ «ደረጃ አስወጣኝ» ብለው በጣቢያው ሁሉ ፊት ያመሰገኑኝ ባለቀይ ክዳኑ ቅባት ከአምናው አጨዳ የተሠራ ነው። ሌላ እንድልክልዎት ባለፈው ሳምንት ማሳሰብዎም ደርሶኛል። ቤቴ ዳገት ላይ ስለሆነ፣ ሊይዙኝ ሲመጡ ጉልበትዎ እንዳይቸግርዎት ሞራውን ዛሬ ልኬያለሁ፤ ቅጠሉ እርስዎ ዘንድ ነው።