ከማወዳደሩ በኋላ ያለችው መስመር

ሚያዝያ 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

የቁጥር ደብተርሽን አገኘሁት።

ዘሐራዬ፣ በሞት ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሞላ። ኩሽናው ቆርቆሮ ለብሷል። የእንቁላል መፈልፈያው ሳጥን የጫማ ማስቀመጫ ሆኗል። ሳጥኑን ያዝዝ የነበረውን ካርድ፣ ያን ባለቁልፍ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለኮሌጁ እንድመልስ ተጠይቄ ሳወጣው ደብተርሽ ከሥሩ ነበር።

እኔ የኮሌጁ አስተማሪ፣ አንቺ የቤተ ሙከራው ሠራተኛ። እኔ ትእዛዙን በቃል እጽፋለሁ፤ አንቺ ከሠንጠረዡ እያየሽ ወደ ማሽኑ ቁጥር ትለውጪና በካርዱ ቁልፎች አንድ በአንድ ታስገቢያለሽ። ሙቀቱን ለካ። ከወሰኑ ጋር አወዳድር። ካለፈ ወደ ማጥፊያው ዝለል። የካርዱ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ አይጠይቅም፤ የተሰጠውን በተራ ይፈጽማል። ሳምንት ሙሉ ሳጥኑን የሚያሞቀው አምፖል በልኩ በርቶ በልኩ ጠፋ።

እናትሽ ከኩታበር አርባ እንቁላል በጭድ አሽገው ባመጡ ማግስት አንድ መስመር ጨመርኩ፤ እንቁላሉ የሚገላበጥበትን ሰዓት የሚቆጥር ድምር። የከተትኩት በማወዳደሩና በዝላዩ መካከል ነበር። የማወዳደሩ ውጤት የተቀመጠባትን ምልክት ድምሩ ደመሰሳት። ዝላዩ ቀረ፤ አምፖሉም አልጠፋም። እንቁላሉ በሰለ።

በተማሪዎቼ ፊት ቁጥር ተሳስተሽ ነው ያስገባሽው አልኩሽ። እናትሽ እጅሽ በረካ የለውም ብለው ከዚያ ወዲያ ዶሮ እንድታስታቅፊ አልፈቀዱም። የጎረቤት ሴቶች፣ ዘሐራ፣ ዛሬስ ቅቅል የለሽም? ሲሉሽ አብሬ ሳቅሁ።

በሳምንቱ ያቺን መስመር አንስቼ ሞከርኩ። አምፖሉ ጠፋ። አልነገርኩሽም።

ያመንሽኝ መስሎኝ ነበር። ደብተርሽ ላይ ግን በመስመሯ ጎን በእርሳስ፣ ይቺ ከማወዳደሩ መቅደም የለባትም? ብለሻል። ጠይቀሽኝም ነበር። መልሴ፣ ዝም ብለሽ ቁጥሩን አስገቢ የሚል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት እያወቅሽ ዝም አልሽልኝ።

ባለፈው ዓርብ እናትሽ የእህትሽን ልጅ ዶሮ ማስታቀፍ ሲያስተምሩ፣ እጅሽ እንደ አክስትሽ እንዳይሆን አሏት። አጠገባቸው ነበርኩ። አሁንም አልተናገርኩም።

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ፣ የኮሌጁ ዕቃ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ነው። ተረካቢው ማኅተም ፍለጋ ሄዷል። የኩታበሩ ሚኒባስ ከደሴ የሚነሳው ከቀትር በፊት ነው። በእርሳስ የጻፍሻትን ለእናትሽ አነብላቸዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደነበርም እነግራቸዋለሁ፤ ልጅቷም ትስማ። እኔም እስካለሁ አልረሳትም።

ተረካቢውን ሳልጠብቅ ካርዱን አግዳሚው ላይ ትቼዋለሁ። ደብተሩን ይዤ ወጣሁ።